ስለ ሰልፍ ትርኢትና ስለ ዳኝነቱ

ሰው በአደባባይ ወጥቶ ከበሮ ሲመታ፣ መለከት ሲነፋ፣ በረድፍ ተሰልፎ ሲራመድ ወይም ፈረሱን ሲጋልብ ሁለት ዓይነት ተመልካች ይገጥመዋል። አንደኛው ደስ ሲለው እልል የሚል፣ ሲሰለች ደግሞ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ መልሶ ጨዋታ የሚጀምር ሕዝብ ነው። ሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተቀመጠ፣ ስሕተት የሚቈጥርና ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ ነው። ታዲያ ባለ ትርኢቱ ለማን ይታዘዝ? ለእልልታው ወይስ ለነጥቡ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ከአገራችንና ከውጭ አገር ታሪክ ጋራ እያስተያየን ልንመረምረው አስበናል።

ጥያቄው ለጫግኒ ሰው እንግዳ አይደለም። ጫግኒ ከእንጅባራ ደጋ ወደ መተከል በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጓንጓ ወረዳ ከተማ ናት፤ በቀድሞው አስተዳደርም የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ጥር 23 ቀን በደረሰ ቁጥር እርሷም እንደ ዳንግላና እንደ ሌሎቹ የአዊ ከተሞች ዓይኗን ወደ እንጅባራ ታቀናለች። በዚያ ዕለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሱ በግላስና በጌጠኛ ልጓም ተሸልሞ፣ ፈረሰኛው በአገር ልብስ ደምቆ ሜዳውን ይሞላዋል።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ የኢጣልያ ጦር በዚያ ጊዜ ገና ከአገራችን አልወጣም ነበር። ማኅበሩ የቆመው በዓድዋ ጦርነትና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ከአርበኛው ጋራ የዘመተውን፣ ስንቅና ቁስለኛ የተሸከመውን፣ ከጌታውም ጋራ የወደቀውን ፈረስ ውለታ ለማስታወስ ነው። በዓሉ የሚውልበት 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል የተገኘውም በዚሁ ዕለት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ የማኅበሩ አባላት ከ60,000 በላይ እንደ ሆኑ ይነገራል። እንግዲህ የበዓሉ ሥር መታሰቢያ መሆኑን ከሁሉ አስቀድመን እንያዝ፤ ወደ ፊት ለምንናገረው ነገር ያስፈልገናል።

በዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ነገሮች አብረው ይታያሉ። አንዱ ውድድር ነው፤ በግልቢያ ማን እንደሚቀድም ይታያል፣ ያሸነፈውም ይሸለማል። ሁለተኛው ትርኢት ነው፤ ይኸውም የፈረሱ አሰጋገር፣ የፈረሰኛው በኮርቻ ላይ አቀማመጥ፣ የረድፉ ማማር፣ የሽለላውና የፉከራው ግለት ነው። በግልቢያው ነገር ክርክር አይበዛም፤ የቀደመ ፈረስ ቀድሟል፣ ተመልካቹም ሁሉ ምስክር ነው። አሰጋገሩንና የፈረሰኛውን ግርማ ግን በምን እንለካዋለን? ዳኛ የሚያስፈልገው፣ ዳኛም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ልማድ ፈረስና ዳኝነት የተራራቁ ነገሮች አይደሉም። ዐፄ ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ስሙም ከዳኝነት የወጣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ተብለዋል። ጌታው በፈረሱ ስም መጠራቱ፣ ፈረስ የጌታውን ማንነት በአደባባይ የሚናገር ምስክር ሆኖ ይቈጠር እንደ ነበረ ያስረዳናል። ፈረሰኛውም የሚመዘነው በጦር ሜዳ በሠራው ሥራ ነበር። በግብር ላይ ተነሥቶ የሚፎክር ሰው ያልሠራውን ጀብዱ ቢጨምር አብረውት የዘመቱት ያሳፍሩት ነበርና፣ ፉከራ ራሱ ዳኛ የሞላበት ትርኢት ነበረ ማለት ይቻላል። ዳኞቹ ግን ነጥብ አይጽፉም፤ በዓይናቸው ያዩትን በአንደበታቸው ይመሰክራሉ እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ከበሮውና ወደ መለከቱ እንለፍ። ዛሬ ማርሽ ባንድ የምንለው ነገር ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት የመንግሥት ድምፅ ነበሩ። ነጋሪት አዋጅ ሲነገርና ጦር ሲነሣ ይጎሰም ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። እምቢልታም ልብ ብሎ ላዳመጠው ሰው ትልቅ ትምህርት አለበት። ሦስት ነፊዎች ሦስት እምቢልታ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው አንዱ ሲያቆም ሌላው ሲቀበል ነው። ከሦስቱ ማን በለጠ ብሎ ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ ቢመጣ የሚመዝነው ነገር አያገኝም፤ ሦስቱ አብረው ካልነፉ ዜማ የለምና።

በረድፍ ተሰልፎ በከበሮ ምት መንቀሳቀስም ቢሆን ከውጭ የመጣልን ነገር ብቻ አይደለም። በማኅሌት ካህናቱ በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ መቺዎቹን በመካከል አድርገው ያሸበሽባሉ፤ ምቱም ከዝግታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ይሄዳል። ይህ ሙያ አቋቋም ይባላል፤ የራሱ ትምህርት ቤትና የራሱ መምህራን አሉት፤ ተማሪውም ብዙ ዓመት ይደክምበታል። በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ የያዝነውን ጥያቄ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ነገር ደርሷል።

በ19ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ፣ በቀልዳቸውና በነገር አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ የሚታወሱት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። እንደሚተረከው፣ አለቃ የቀርከሃን መወዛወዝና የጣናን ማዕበል ተመልክተው ከነባሩ የተለየ፣ ሰውነትን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ለእነርሱ ሚዛኑ ከአባቶቻቸው የተረከቡት ሥርዓት ነበረ፤ አዲሱ ስልት ለዓይን ቢያምርም በዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቀለለ። ሥራው ግን በዚያው አልጠፋም። ልጃቸው ተክሌ ከአባቱ ተምሮ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስልቱም በልጅየው ስም «ተክሌ» ተብሎ ቀረ። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ከጎንደር አቋቋም ጋራ ጎን ለጎን የሚሰጥ፣ የታወቀና የተከበረ ትምህርት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የጎንደር ሊቃውንት ጥብቅ ዳኞች ባይሆኑ ኖሮ ነባሩ አቋቋም ሳይበረዝ እኛ ዘንድ ባልደረሰም ነበር፤ ስለዚህ ዳኛን በደፈናው መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን በአገሩ ያለው ዳኛ ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ ደብር ሌላም ጆሮ ባይገኝ ኖሮ፣ የተክሌ ዝማሜ በተወለደበት ቀን ይሞት ነበር። ዳኛ የነበረውን ይጠብቃል፤ ገና ያልነበረውን ግን የሚለካበት መስፈሪያ አስቀድሞ ሊኖረው አይችልም።

ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ናት፤ የቅኔ ቤትም ስለ ዳኝነት የረቀቀ ልማድ አላት። ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ ካዘጋጀ በኋላ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይህ ነገራ ይባላል። በነገራ ጊዜ ምሕረት የለም፤ ቤቱ ቢሰበር፣ ምስጢሩ ቢሳሳ፣ ሰዋስውም ቢዛነፍ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ባለ ቅኔው አድጎ በማኅሌት መካከል ቅኔውን ሲዘርፍ ግን ሊቃውንቱ የሚመልሱለት ቃል «ይበል» የሚል ነው። እርማቱ በጉባኤ ቤት አልቋል፤ በበዓሉ ቀን የሚሰማው ምስጋና ነው። ይህን ልማድ በልባችን እናኑረው፤ የያዝነውን ጥያቄ ለመፍታት ከሩቅ አገር ከሚመጣ ደንብ የተሻለ መንገድ ያሳየናል።

አሁን ስለ ናስ መሣሪያዎች እንናገር። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዐፄ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ፤ የሚያስተምር ሰውም መጣ። ቀጥሎም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በሰልፍ ሙዚቃ ሲጫወቱ ተመልክተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት የሰልፍ መዝሙር ደረሰ፤ ግጥሙን የጻፈው የጎጃሙ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሲዘመር ኖረ።

ከነጻነት በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አደራጁ። ቀን በሰልፍ ሜዳ በእርምጃ የሚጫወቱት ሰዎች፣ ማታ በመድረክ ላይ ለሕዝብ ደስታ ይጫወቱ ነበር። በመካከላቸው ፉክክር ነበረ፤ ጥሩ ድምፃዊና ጥሩ ነፊ ለማግኘት እርስ በርሳቸው ይሽቀዳደሙ ነበር። ይሁን እንጂ የፉክክሩ ዳኛ ሕዝቡ ነበር፤ አዳራሹ ሲሞላ ፍርዱ ተሰጠ፣ ባዶ ሲቀርም ፍርዱ ተሰጠ።

ከዚህ ነጻነት ምን እንደ ተገኘ ለማየት አንድ ሰው እንጥቀስ። ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሙዚቃ ጀመረ፤ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ። ይህ ሰው ከአያቶቹ የሰማውን ሽለላ በሳክስፎን አስጮኸው። በጦር ሜዳ ከሰው ጉሮሮ ይወጣ የነበረው ቁጣና ግለት ከፈረንጅ መሣሪያ ሲወጣ የሰማ ሁሉ ተደነቀ፤ ዝናውም እስከ አውሮፓ ደረሰ። የሳክስፎን ትክክለኛ አነፋፍ ይህ ነው፣ ያ ነው የሚል የነጥብ ወረቀት በፊቱ ቢኖር ኖሮ፣ የጌታቸው አነፋፍ ከብዙ ቦታ ላይ ነጥብ ባስቀነሰው ነበር። ሕዝቡ ግን ድምፁን ወዲያው ዐወቀው፤ የራሱ ድምፅ ነበረና።

በደርግ ዘመን ደግሞ ሌላ ሥርዓት መጣ። ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ከጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ከጎንደር ፋሲለደስ፣ ከወሎ ላሊበላ ስማቸው ገነነ። ቡድኖቹም ይወዳደሩ ነበር። ይህ ውድድር ያመጣው ጥቅም አይካድም፤ በየገጠሩ ተደብቆ የነበረ ድምፅና ውዝዋዜ ወደ መድረክ ወጣ፣ ብዙ ባለ ሙያም ከዚያ ተገኘ። ነገር ግን ዘፈኑ ከሙያው በላይ የዘመኑን የፖለቲካ መልእክት እንዲሸከም ይፈለግበት ነበር። ዳኛን የሚሾመው ሰው፣ መስፈሪያውንም የሚቈርጠው እርሱ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። መስፈሪያው የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ለነጥብ መሮጥ አደገኛ ነው።

ይህ የትርኢትና የነጥብ ክርክር በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በየማኅበራቸው አማካይነት የከበሮና የመለከት ጓዶችን አደራጁ፤ ኋላም በእነዚህ ጓዶች ውስጥ ወጣቶች እየበዙ ሄዱ። ጓዶቹ ሲወዳደሩ ዳኞቹ በሜዳው ውስጥ በተጫዋቾቹ መካከል እየተዘዋወሩ ስሕተት ይቈጥሩ ነበር። አንድ ከበሮ መቺ ቢቀድም ወይም አንድ እግር ከረድፍ ቢወጣ፣ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከነጥቡ አንድ ዐሥረኛ ይቀነስ ነበር።

በዚህ መንገድ ጓዶቹ እጅግ የሚያስደንቅ ጥራት አገኙ፤ መቶ ሰው እንደ አንድ ሰው መራመድ ቻለ። ነገር ግን ጉዳቱም ተከተለ። ስሕተት ብቻ በሚቈጠርበት ሜዳ ብልኅ የሚባለው ከባዱን ነገር የማይሞክር ሰው ነው፤ ያልሞከረ አይሳሳትምና። ኋላም የጓዶቹ መሪዎች ራሳቸው ተሰብስበው ድራም ኮርፕስ ኢንተርናሽናል የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ የመጀመሪያውንም የሻምፒዮና ውድድር በፈረንጆች 1972 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ግዛት አደረጉ። በፈረንጆች 1984 ዓ.ም. ደግሞ ስሕተት እየቈጠሩ መቀነስን ትተው፣ ለተሠራው ሥራ ነጥብ እየሰጡ መደመርን መረጡ። በተመልካች ልብ ላይ ለሚያሳድረው ስሜትም ከፍ ያለ ነጥብ መደቡለት። ይህም ሆኖ ክርክሩ አላለቀም። ትርኢቱ ለዳኞች እንጂ ለተመልካች አይዘጋጅም ብለው የሚያማርሩ ወዳጆቹ ዛሬም ብዙዎች ናቸው።

በዚያው አገር ሌላ መንገድ የያዙ አሉ። የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲዎች ባንዶች በእግር ኳሳቸው ጨዋታ እረፍት ላይ ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው እየረገጡ፣ እየጨፈሩም ይጫወታሉ። የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲን ባንድ ከፈረንጆች 1946 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዐሥርታት የመሩት ዊልያም ፎስተር በዚህ ስልት አባትነት ይታወቃሉ። በእረፍቱ ትርኢት ላይ ነጥብ የሚሰጥ ጠረጴዛ የለም፤ ዳኛው በመቀመጫው ላይ ያለው ሕዝብ ነው። ሥነ ሥርዓት የላቸውም እንዳትሉ፤ ልምምዳቸው የወታደር ያህል የጠነከረ ነው። ይኸው ባንድ በፈረንጆች 1989 ዓ.ም. የፈረንሣይ አብዮት 200ኛ ዓመት ሲከበር በፓሪስ አደባባይ ተሰልፎ ዓለምን አስደንቋል። ከዚህም የምንረዳው፣ ጥራት ያለ ነጥብ ሊገኝ እንደሚችል ነው፤ ጥብቅ መምህርና የሚያፈቅር ሕዝብ ካለ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አዊ ሜዳ እንመለስ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ውድድርም እንዲሁ ነው፤ ሰውን እስከ ሜዳው ያደርሰዋል፣ ወጣቱን ለልምምድ ያነሣሣዋል፣ ፈረሱን እንዲቀልብና እንዲንከባከብ ያተጋዋል። የበዓሉን ልብ ግን ውድድር ሊሸከመው አይችልም። በዓሉ የቆመው የወደቁትን ለማስታወስ ነውና፣ በመታሰቢያ ላይ ተሸናፊ ሆኖ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሊኖር አይገባም። ሁሉ ነገር በነጥብ ከተመዘነ ባለ ፈጣን ፈረሱ ወጣት ይመጣል፤ ከአባቱ የወረሰውን ግላስ በአሮጌ ፈረሱ ላይ አድርጎ ለመታየት የሚመጣው ሽማግሌ ግን ቀስ በቀስ ከቤቱ ይቀራል። እርሱ ከቀረ ደግሞ ለወጣቱ ታሪኩን የሚነግረው አይኖርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድታስቡበት እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሊለካ የሚችለው ይለካ፤ ግልቢያው ዳኛና ሽልማት ይኑረው፣ ዳኝነቱም ለሁሉ የሚታይ ይሁን። ሁለተኛ፣ አሰጋገሩና አሰላለፉ እንደ ቅኔ ቤት ነገራ ይሁን፤ ነባር ፈረሰኞች ወጣቶቹን ከበዓሉ በፊት በየአገራቸው ሜዳ ያርሟቸው፣ በበዓሉ ቀን ግን ሕዝቡ «ይበል» ይበላቸው። ሦስተኛ፣ ዳኛ ጨክኖ ሊቈጣ የሚገባው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በፈረሱ ላይ በሚደርስ በደል። ለማሸነፍ ሲል የፈረሱን አፍ በልጓም ያደማ፣ የደከመውንም በአለንጋ ያስጨነቀ ሰው፣ ቢቀድም እንኳ ከሽልማት መራቅ ይገባዋል። በዓሉ የፈረስ ውለታ መታሰቢያ ሆኖ ሳለ በፈረስ ስቃይ የሚገኝ ሽልማት በዓሉን ያዋርደዋል።

ከጫግኒ ተነሥተው ወደ እንጅባራ የሚወጡ ወላጆች፣ ልጆቻቸውን ይዘው በሜዳው ዳር ሲቆሙ ማን አንደኛ እንደ ወጣ ብቻ አያሳዩዋቸው። ከኋላ በዝግታ የሚመጣውን ሽማግሌ፣ የፈረሱንም አረማመድ፣ ግላሱም ከማን እንደ ተወረሰ ጠይቀው ያስረዷቸው። የአንደኛው ስም በሚመጣው ዓመት በሌላ ስም ይተካል፤ ልጁ ስለ ሽማግሌውና ስለ ፈረሱ የሰማው ነገር ግን ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ርስት ይሆነዋል።